ጎብዬና የማሽላ ዘሯ

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ተወካዮች፣ ለአገር ሽማግሌዎችና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ልማት ስንነጋገር ወይ ስለ ገጠሩ ወይ ስለ ትልልቆቹ ከተሞች እንነጋገራለን። በሁለቱ መካከል ያሉትን ትንንሽ ከተሞች አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ከእነዚህ ስለ አንዷ፣ ስለ ጎብዬ ነው። ጎብዬን ስናነሣ ቆቦንና ሮቢትን ትተን ልንናገር አንችልም፤ ሦስቱ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ጎርፍና በአንድ ገበያ የሚኖሩ ናቸውና።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የአላ ውሃን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ራያ ሜዳ ሲገባ ጎብዬን ያገኛል። ቀጥሎ ሮቢት፣ ከዚያም የራያ ቆቦ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ቆቦ ትከተላለች። ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተዋል ማለት ይቻላል። በምዕራብ በኩል የጊዳንና የላስታ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ከዞብል ማዶ የአፋር ምድር ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ግራርና ቁጥቋጦ የሚበቅልበት ሞቃት አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በወረዳው ከ220 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ገበሬ ነው።

ከተማይቱን በገበያ ቀን ያላያት ሰው አይቷታል ለማለት ያስቸግራል። ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን ጭኖ ከተራራው ይወርዳል። ቆለኛው ማሽላውንና ጤፉን ያወጣል። አፋሮች ፍየላቸውንና ግመላቸውን እየነዱ በዞብል በኩል ይመጣሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቁና ይሰፍራሉ። ወፍጮ ቤቱ፣ የእህል መጋዘኑ፣ ሻይ ቤቱ፣ የጋሪ ማቆሚያው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በዙሪያው ባለው ማሳ ልክ ነው። ማሽላው በያዘበት ዓመት የልብስ ሱቁ ይደምቃል፤ ማሽላው በከሸፈበት ዓመት ወፍጮው ድምፁን ያጠፋል። ስለዚህ የከተማዋን ጤንነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ማሽላ ይሁን እንላለን።

ማሽላውስ በምን ይበቅላል? የዓመቱ ዝናብ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እርሱም በበልግና በክረምት የተከፈለ፣ አንዳንዴም ከሁለቱ አንዱን የሚዘልል ነው። ገበሬውን የሚያኖረው ሰማዩ ብቻ እንዳልሆነ ግን አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በላይ በደጋው የዘነበው ዝናብ በአላ ውሃ፣ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ራያ ቆቦ ይህን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ማስገባትን ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ጎርፍ ቀጠሮ የለውም። ብዙ ጊዜ በሌሊት ይመጣል፤ ለጥቂት ሰዓት ያጓራል፤ ከዚያም አሸዋውን ትቶ ወደ አፋር ይሄዳል። በዚያች ጥቂት ሰዓት ድንጋይ፣ አፈርና የእሾህ ቅርንጫፍ ደልድሎ ውኃውን ወደ ቦዩ የመለሰ ሰው ማሳውን አጠጥቶ ያድራል። ማን ቀድሞ ያጠጣል፣ ማን በየትኛው ቀን ቦይ ይጠርጋል፣ ያጠፋስ ምን ይቀጣል የሚለውን የሚዳኙ የውኃ አባቶች አሉ። ይህ ሥርዓት በማንም ፕሮጀክት ሰነድ ላይ ከመጻፉ በፊት የነበረ ነው።

በኋላ የመጣውንም አንንቅም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃ አውጥቶ በመስኖ ብዙ ገበሬን በበጋ ጭምር አምራች አድርጓል። ይሁን እንጂ ፓምፕ የኤሌክትሪክ ኃይልና መለዋወጫ ይፈልጋል፤ በግንብ የተሠራ የጎርፍ መጥለፊያም ደለሉን የሚጠርግለት ካጣ አፉ ይደፈናል። የእሾሁ ግድብ በጎርፍ ሲወሰድ ግን በማግስቱ በደቦ ይሠራል። ሁለቱን ማጣመር ይገባል፤ መሐንዲሱ ከውኃ አባቱ ጋር ሳይመክር የሚጀምረውን ሥራ ግን በጥርጣሬ እንመለከተዋለን።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፤

ወደ ዘሩ ጉዳይ እንምጣ። የራያ ቆቦ ገበሬ በልግ ሲገባለት በሚያዝያ ገደማ ዘግይተው የሚደርሱትን የአባቶቹን ዘሮች፣ እነ ደጋሌትንና እነ ጅጉርቲን ይዘራል። ሰብሉ እስከ ጉልበት ሲደርስ ይሸለሽላል። ቀጥሎ ክረምቱ ከሰጠ፣ ጎርፉም ከደረሰ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከአውድማ ያገባል። በልጉ ከከሸፈበት ወይም የበቀለው ከደረቀበት ሐምሌ ላይ እንደገና ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። ይህ ሁለተኛው ዕድል ነው። ሁለተኛው ዕድል የሚኖረው ግን ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ዘር ላለው ሰው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ዘርቶ የደረቀበት፣ ሌላ ዘር ያላስቀመጠ ገበሬ ክረምቱ ምንም ቢያምር ከዳር ቆሞ ያያል። በእኛ አስተያየት በቆላው ረኃብ የሚጀምረው እህል ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ፣ በዚህች የሐምሌ ሳምንት ነው።

ሌላም ጠላት አለ፤ አቀንጭራ ይባላል። ውብ ሐምራዊ አበባ አለው፤ የማያውቅ ሰው ለጌጥ ሊቀጥፈው ይችላል። አንዲት የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ትበትናለች። ዘሩ በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የማሽላ ሥር ሲጠጋው፣ ከሥሩ በሚወጣ ንጥረ ነገር ተቀስቅሶ ይነቃል፤ ሥሩ ላይ ተጣብቆም ምግቡንና ውኃውን ይመጥጣል። ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ሥራውን ጨርሷል ማለት ይቻላል። በወንጌል በሌሊት ስለ ተዘራው እንክርዳድ የተነገረውን ምሳሌ የሰማ የቆላ ገበሬ አቀንጭራ ወዲያው ትዝ ቢለው አያስደንቅም። ልዩነቱ አቀንጭራ እስከ መከር የማይታገሡት መሆኑ ነው፤ ሳያብብ ካልተነቀለ የሚቀጥሉትን ዓመታት ሁሉ ይወርሳል።

ከዚህ አረም ጋር በተያያዘ የጎብዬ ስም ከራያ ሜዳ ወጥቶ በሳይንስ መጻሕፍት ገብቷል። በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ የተወለዱት፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ። የዝርያዎቹ ምሥጢር ሥራቸው የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ ማመንጨቱ ነው፤ ጠላቱ ሳይነቃ ሰብሉ ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ከእነዚህ ዝርያዎች 8 ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሰራጨ። በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ዝርያዎች በይፋ ተለቀቁ፤ የአንዱ ስም አብሽር፣ የሌላው ስም ጎብዬ ነው። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከተማችን ስሟን የሚጋራ እንዲህ ያለ ዘር በመኖሩ ደስ ሊለን ይገባል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከሆነ ዛሬም በራያ ሜዳ ረጃጅሞቹ የአባቶች ማሽሎች ለምን በብዛት ይታያሉ? ገበሬው አልገባውም የሚል መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። ይህን መልስ አንቀበልም። ጎብዬ ማሽላ ቁመቱ አጭር ነው፤ በአራት ወር ገደማ ይደርሳል። ለቆላ ገበሬ ግን ማሽላ እህል ብቻ አይደለም። አገዳው በበጋ የበሬው መኖ ነው፤ የቤቱ ክዳን፣ የአጥሩ ማገር፣ የምድጃው ማገዶ ነው። ከአጭር ማሽላ ጥሩ እህል ቢገኝም በሬው በመጋቢት ምን ይበላል? በዚያ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ማሳ የወፍ መዳረሻ ይሆናል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ይውላሉ። ከዚህም ሌላ የእንጀራው ጣዕም፣ የጠላው ጥራት፣ የንፍሮው ልስላሴ በየቤቱ የሚለካ ነገር ነው። ገበሬው ዘር ሲመርጥ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ይመዝናል። ተመራማሪው በሄክታር የሚገኘውን ኩንታል ብቻ ቢመዝን ሁለቱ መግባባት ይሳናቸዋል።

ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ዘር ይሻላል የሚል ሊሆን አይገባም። ደጋሌት ለጥሩ በልግ ነው፤ ጎብዬ በአቀንጭራ ለተወረሰ ማሳና ለዘገየ ክረምት ነው። የሚያስፈልገው ገበሬው ሐምሌ ላይ በሚቸገርበት ሰዓት ሁለቱንም በእግሩ ሊደርስበት ከሚችል ቦታ ማግኘቱ ነው። ትንሿ ከተማ የምትጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

አቀንጭራ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ከሱዳን ጀምሮ በስተምዕራብ እስከ ሴኔጋል በተዘረጋው የሣርና የግራር አገር ሁሉ ያው አረም ያንኑ ማሽላ ያጠቃል። በዚያ ምድር ከጎብዬና ከቆቦ ጋር ብዙ የሚያመሳስላት አንዲት ከተማ አለች፤ በቡርኪና ፋሶ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኘው የያቴንጋ ዋና ከተማ ዋሂጉያ። እርሷም የማሽላ አገር መዲና ናት፤ እርሷም በእኛ የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. የረኃብ ዘመናት በድርቅ ተመትታለች። መሬቷ እንደ ሸክላ ደርቆ፣ ወጣቶቿ ወደ ባሕር ዳርቻ አገሮች ተሰድደው ነበር። በከተማዋ አቅራቢያ ይኖር የነበረው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ እ.ኤ.አ. ከ1980 ገደማ ጀምሮ አባቶቹ ያውቁት የነበረውን ዛይ የሚባል ዘዴ አሻሽሎ ሠራበት። ዘዴው ቀላል ነው፦ በበጋ ደረቁን መሬት ትንንሽ ጉድጓድ እየቆፈሩ ፍግ ይጨምሩበታል፤ ምስጥ ፍጉን ፍለጋ መሬቱን ያላላዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በየጉድጓዱ ይቀራል፤ ማሽላው በዚያ ውስጥ ይበቅላል። ጎረቤቶቹ በመጀመሪያ እንደ እብድ አዩት ይባላል። በኋላ ግን ከጉድጓዶቹ መካከል ደን ጭምር በቀለ።

ከዋሂጉያ እኛን የበለጠ የሚማርከን ግን ሌላው ሥራ ነው። በርናር ሌዴያ ዌድራኦጎ የተባሉ መምህር እ.ኤ.አ. በ1967 ናም የሚባሉትን የመንደር ማኅበራት ማደራጀት ጀመሩ። አዲስ ማኅበር አልፈጠሩም። የሞሲ ሕዝብ ወጣቶች ለእርሻና ለመከር ተሰባስበው የሚሠሩበት የቆየ ልማድ ነበር፤ እርሳቸው ያንኑ ወስደው ለበጋ ሥራ፣ ለኩሬ፣ ለእህል ጎተራ አዋሉት። ማኅበራቱ በብዙ መንደሮች ተስፋፉ፤ እንቅስቃሴውን የምታስተባብረው ግን ያቺው ትንሽ ከተማ ነበረች። ዋና ከተማው ዋጋዱጉ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሐምሌ ላይ ዘር ለጨረሰ ገበሬ ይህ ሩቅ ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምስክር አለን። ዶክተር መላኩ ወረደ የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከልን ሲመሩ፣ በድርቁ ዘመን አገር በቀል ዘሮች ተበልተው እንዳያልቁ ከገበሬው እየሰበሰቡ አስጠብቀዋል። ከዚያም በወሎና በሸዋ ገበሬዎች ራሳቸው የዘራቸው ጠባቂ እንዲሆኑ ሠርተዋል። በዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ተሸለሙ፤ የዋሂጉያው መምህር በዓመቱ፣ ገበሬው ያኩባ ደግሞ በ2018 ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል። የሦስቱም ሥራ የተነሣው ገበሬው አስቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን፤

ኮሚሽናችን በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙም ሳይቆይ የወሎ ረኃብ ደረሰ። የተራበው ሕዝብ ከየመንደሩ ወጥቶ በዚህ አውራ ጎዳና ዳር ተቀመጠ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በብዙዎች አእምሮ የእነዚህ ከተሞች ሥዕል የእርዳታ እህል የሚራገፍባቸው ቦታዎች መሆናቸው ነው። በቅርቡም መከራው አልቀረም። በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የበረሃ አንበጣ የደረሰውን ማሽላ በላ። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ ገባ፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ዳግም ሲያገረሽም ከዚሁ ከቆቦ ዙሪያ ነበር የጀመረው። ስለ ጠፋው ሕይወት በዚህ መድረክ ልንናገር አንደፍርም፤ ኀዘኑ የየቤቱ ነው። አንድ ነገር ግን ሳይነገር እንዲያልፍ አንወድም። ቤት ሲዘረፍና ሲቃጠል፣ ገበሬ ከቀዬው ሲሸሽ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ማሽላ ይወጣል፤ ከምድጃው በላይ ነቀዝ እንዳይነካው ጭስ ላይ የተሰቀለው የዘር ዘለላም አብሮ ይጠፋል። እህሉ በእርዳታ ሊተካ ይችላል። ለዚያ ማሳ የተመረጠውን፣ የአያት የቅድመ አያት እጅ ያለፈበትን ዘር የሚተካ መኪና ግን ከየትም አይመጣም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በጎብዬ፣ በሮቢትና በቆቦ ከገበያው አጠገብ የዘር ጎተራ ይኑር። ገበሬ በሐምሌ በቁና ይበደር፤ በታኅሣሥ ከአውድማ ላይ በቁና፣ ከጥቂት ጭማሪ ጋር ይመልስ። ጎተራው በአንድ በኩል ደጋሌትንና ጅጉርቲን፣ በሌላ በኩል ጎብዬን የመሰሉ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን ይያዝ፤ ለኋለኛው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከእኛ ሩቅ አይደሉም። አጥቢያዎቻችን ደረቅና አስተማማኝ ዕቃ ቤት ካላቸው ለጊዜው ያን ይስጡ። ጎተራው ግን የቤተ ክርስቲያን ብቻ ሊሆን አይገባም። በአንድ ቁና የሚሰፍር ሕዝብ በአንድ ጎተራ ሊበደር ይገባዋልና፣ ከአስተዳዳሪዎቹ መካከል ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይኑሩበት። ብድር ያልመለሰ ሰው ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በአገር ሽማግሌ ይታይ፤ በራያ የዘወልድ አባቶች ከዚህ የከበደውን ደም እንኳ ያስታርቃሉ።

ከሁሉ በላይ በገበያ እህል የሚሸጡ እናቶች ከዚህ ሥራ እንዳይቀሩ አደራ እንላለን። አንድን እፍኝ ማሽላ አይተው የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ፣ ለዘር ይሁን ለወፍጮ የሚናገሩ እነርሱ ናቸው። ዘር ተብሎ የሚገዛው ሁሉ ዘር አይደለም። ለምግብ የመጣ እህል በጭንቅ ጊዜ ማሳ ላይ ቢበተን ለዚያ አፈር ያልተለመደ፣ የአቀንጭራ ትቢያ ያዘለም ሊሆን ይችላል። በጎተራው በር ላይ እንዲህ ያለ ዐይን ያላት አንዲት እናት መቀመጧ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

የገንዘቡ ነገር እንደሚነሣ እናውቃለን። ዘር ከእርዳታ እህል ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ አንድ ሄክታር ማሽላ ለመዝራት የሚበቃው ዘር አንድ ቤተሰብ በወር ከሚበላው እጅግ ያንሳል። የሚከብደው ወጪው ሳይሆን ጊዜው ነው። ለጋሽ በነሐሴ ቢፈቅድ፣ ግዢው በመስከረም ቢፈጸም፣ ዘሩ በጥቅምት ቢደርስ፣ ምዝገባው ያማረ ሥራ ይሆናል፤ ገበሬው ግን አይዘራውም። ዘር ከየካቲት በፊት ጎተራ መግባት አለበት።

እዚያ ለመድረስ ሥራው የሚጀምረው በማሳ ላይ ነው። ማሽላ ከአውድማ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ቢሆንም፣ የዘር ዘለላ የሚመረጠው ሰብሉ ገና ቆሞ ሳለ ነው፤ የትኛው አገዳ በድርቅ እንደ ጸና፣ የትኛው በአቀንጭራ መካከል ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ የሚታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ በጥቅምት አጋማሽ ሁለት አዋቂ ገበሬዎችንና አንዲት እናት መርጦ በየማሳው እንዲያዞር፣ የዘሩን ስምና የባለቤቱን ስም እንዲመዘግብ፣ መዝገቡንም እስከ ኅዳር ጽዮን ለሰበካ ጉባኤው እንዲያስረክብ እንጠይቃለን። መዝገቡ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በየአጥቢያው ስም ይሰጣችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።